ዳኛው ሲሳሳት ማን ይጠይቀዋል?

የካቸሯ አባት

ሰላም ለሁላችሁ። ቤዝቦል የሚከታተል ሐበሻ ብዙ እንደሌለ አውቃለሁ። ያላችሁት ግን የምታውቁትን ንገሩኝ፤ ጥያቄዬ ከልብ ነው። ዓመቶቹን እዚህ አሜሪካ በለመድነው አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል። ለብዙ ጊዜ ቤዝቦል ሰዎች ቆመው የሚጠባበቁበት ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ልጄ ሶፍትቦል (የቤዝቦል ዘመድ ጨዋታ) ጀምራ ካቸር፣ ማለትም ከመቺው ጀርባ ሆና ኳስ የምትይዝ ተጫዋች፣ ስትሆን ነው ነገሩ የገባኝ። አሁን ማታ ማታ አብረን ቁጭ ብለን እናያለን። እሷ ታስረዳኛለች፣ እኔ እጠይቃለሁ።

ባለፈው ሲዝን መጨረሻ ላይ ያየነው ጨዋታ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። የቡድኖቹንም የዳኛውንም ስም አልጠራም፤ አንድን ሰው ለይቶ ማብጠልጠል አልፈልግም። ዘጠነኛው ኢኒንግ፣ የመጨረሻው ዙር ነው። ሁለት አውት ሆኗል፤ ሦስተኛ መቺ ከወጣ ያበቃል። ልዩነቱ አንድ ራን (ነጥብ) ብቻ ነው፣ ሁለት ሯጮች ቤዝ ላይ ናቸው። ቆጠራው ሦስት ቦል፣ ሁለት ስትራይክ ደርሷል። መቺው የሚተዋት ኳስ ከስትራይክ ዞኑ ውጭ ካለፈች ቦል ናት፣ በነጻ ፈርስት ቤዝ ይሄዳል፤ በዞኑ ውስጥ ካለፈች ስትራይክ ናት፣ ይወጣል። ኳሷ መጣች። መቺው ተዋት። ባቱን (የመምቻ ዱላውን) ወርወር አድርጎ ወደ ፈርስት ቤዝ መራመድ ጀመረ። ዳኛው ቀኝ እጁን መዘዝ አደረገ። ስትራይክ ሦስት! ጨዋታው አለቀ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ዞኑን የሚያሳየው ሳጥን ኳሷ ከመስመሩ ውጭ እንደነበረች አሳየ። የነካች፣ ያልነካች የምትባል ዓይነት አይደለችም፤ አንድ ሙሉ ኳስ የሚያህል ክፍተት ነበር። አሰልጣኙ እየጮኸ ወጣ። ዳኛው ጭንብሉን በእጁ ይዞ ዞር አለ፣ በሩን አልፎ ገባ። በቃ።

ከዚያ መቺው ማይክሮፎን ፊት ቆመ። ለምን ኳሷን እንደተዋት ተጠየቀ፣ መለሰ። ፒቸሩም (ኳስ ወርዋሪው) ተጠየቀ። አሰልጣኙም ተጠየቀ፤ ግን ቅጣት ፈርቶ ቃላቱን እየመረጠ ነበር። ዳኛውን ማንም አላየውም። በማግስቱ ሦስተኛው ቤዝ አጠገብ ቆሞ ሥራውን ቀጠለ።

ልጄ "አባዬ፣ እሱን ማን ይጠይቀዋል?" አለችኝ። መልስ አጣሁ።

እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። የቆመ መኪና መስታወት ጫር ባደርግ በዚያው ቀን ቅጽ እሞላለሁ። የካሜራው ቪዲዮ ይታያል፣ ኃላፊዬ ያስጠራኛል። ያ ሁሉ ለአንድ መስታወት ነው። እዚህ ደግሞ ሚሊዮን ሕዝብ ያየው፣ ተጫዋቾች ስድስት ወር የለፉበት ነገር በአንድ እጅ ተበላሽቶ ጠያቂ የለም?

ሊጉ ይቀጣቸዋል ወይ? ከደመወዝ ይቆረጣል? ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳሉ? በውሳኔው ምክንያት ሥራውን ያጣ ዳኛ ታውቃላችሁ?

ብሬቭስ ነኝ

ጋሼ፣ ቁስሌን ነካኩት።

ለአትላንታ ብሬቭስ ደጋፊ ስለ ዳኛ ሲወራ የሚነሳው አንድ ቀን ነው፤ ኦክቶበር 12፣ 1997። የናሽናል ሊግ ሻምፒዮና አምስተኛ ጨዋታ ነበር፣ ከፍሎሪዳ ማርሊንስ ጋር። ከሆም ፕሌት (መቺው አጠገቡ ከሚቆምበት ሰሌዳ) ጀርባ የቆመው ዳኛ ኤሪክ ግሬግ ነው። የማርሊንሱ ፒቸር ሊቫን ኸርናንዴዝ፣ ገና የ22 ዓመት ልጅ፣ በዚያ ቀን 15 ሰው በስትራይክ አስወጣ። ጎበዝ ፒቸር ነው፣ አልክድም። ግን ቅጂው አለ፣ አይታችሁ ፍረዱ። ግራኝ መቺዎቻችን ባታቸውን ዘርግተው እንኳ የማይደርሱባት ኳስ ስትራይክ ትባል ነበር። የመጨረሻው አውት ፍሬድ ማክግሪፍ ነው። ኳሷ ከፕሌቱ ርቃ አለፈች። ስትራይክ ተባለ። ቆሞ ቀረ። 2 ለ 1 ተሸነፍን። ማርሊንስ በሚቀጥለው ጨዋታ አሰናበተን፣ የዓመቱንም ዎርልድ ሲሪስ (የፍጻሜ ውድድር) በላ።

ግሬግ በዚያ ተጠየቀ? እኔ እስከማውቀው አልተጠየቀም። ሥራውን ያጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ በሌላ ነገር። በ1999 የዳኞቹ ማኅበር ሊጉን አስጨንቆ የተሻለ ውል ለማግኘት 57 ዳኞችን መልቀቂያ አስገባ። ሊጉ "እሺ" ብሎ የ22ቱን ተቀበለ። ግሬግ ከእነሱ አንዱ ሆነ። እንግዲህ አስቡት። ያንን ስትራይክ ዞን ይዞ ዳኝቶ ሥራው አልተነካም፤ በመልቀቂያ ደብዳቤ ግን ተሰናበተ።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። ካሜራ አለ፣ ኮምፒውተር አለ። እያንዳንዷን ኳስ ማሽኑ ይዳኝ። ሰውየው ከማሽኑ የሰማውን ይናገር። ሌላው ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው።

ሰማያዊ ሸሚዝ

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ረዘም አድርጌ ልመልስ፣ ይታገሱኝ።

እኔ ቅዳሜና እሁድ የልጆችና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጨዋታ እዳኛለሁ። ደረጃው እዚያ ካሉት ሰዎች ጋር አይገናኝም፣ የቆምኩበት ቦታ ግን ያው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከዚያ ሆኖ የሚታየውን ልንገርዎ።

ከፒቸሩ እስከ ሆም ፕሌት 18 ሜትር ከግማሽ አይሞላም። ትልቁ ሊግ ውስጥ ኳሷ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ስትበር ያንን መንገድ የምትጨርሰው ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ፕሌቱ 43 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ዳኛው ጎንበስ ብሎ የሚያየው በካቸሩና በመቺው መካከል ባለችው ክፍተት ነው። ወደ መቺው የተጠጋችውን ኳስ ደህና አድርጎ ያያታል። በወዲያኛው ጫፍ፣ ዝቅ ብላ የምታልፈውን ግን የካቸሩ ጭንቅላትና ትከሻ ይጋርዱበታል። ብዙው ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚያች ጥግ ነው። ካቸሩ ደግሞ ኳሷን ሲይዝ ጓንቱን በስሱ ወደ ውስጥ ይስባታል። ልጅዎ ካቸር ስለሆነች ይህን ከኔ በላይ ታሳይዎታለች። ሥራዋ የዳኛውን ዓይን ማሳመን ነው።

ኩርባ ኳስ ስትመጣ ይብሳል። ፕሌቱ ላይ ስትደርስ ዞኑ ውስጥ ነበረች፤ ካቸሩ የሚይዛት ግን መሬት ልትነካ ስትል ነው። ሕጉ ፕሌቱ ላይ ያለውን ፍረድ ይላል፤ ዓይን ደግሞ ጓንቱ ላይ ያርፋል። ልምድ ማለት ዓይንን ከጓንቱ ማላቀቅ ነው። ዓመታት ይፈጃል።

ይህን የምለው ለማስተዛዘን አይደለም። በነሱ ደረጃ የሚሠራ ሰው ያንን ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፣ የሚከፈለውም ለዚያ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። በሊጉ ቤት ውስጥ ዳኛው ጠያቂ አለው። ስታዲየሙን የከበቡት ካሜራዎች እያንዳንዷን ኳስ ይለካሉ። ዳኛው ከጨዋታው በኋላ ውጤቱን ያገኛል፤ የትኛዋን እንዳገኘ፣ የትኛዋን እንደሳተ ያውቃል። ለረጅም ጊዜ ግን ግምገማው ላይ ይቅርታ የሚደረግበት ጠርዝ ነበር። ከዞኑ ውጭ እስከ 2 ኢንች፣ ማለትም 5 ሳንቲ ሜትር ድረስ የሳተ ዳኛ እንደተሳሳተ አይቆጠርበትም ነበር። ከ2025 ሲዝን በፊት በተፈረመው አዲስ ውል ያ ጠርዝ ወደ ሦስት አራተኛ ኢንች ወረደ፣ 2 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፣ ብዙ ሰው ግን አላስተዋለውም።

ግምገማው ምን ያመጣል? ጥሩ ነጥብ ያለው ፕሌይኦፍና (ከሲዝኑ በኋላ ያለው የማጣሪያ ውድድር) ዎርልድ ሲሪስ ይመደባል፣ የዳኞች ቡድን አለቃም ይሆናል። ደካማው ኦክቶበርን ቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ያያል። ገንዘቡም ክብሩም እዚያ ስለሆነ ቀላል ቅጣት አይደለም። ከሥራ መባረር ግን በውሳኔ ስህተት የለም ማለት ይቻላል። የማኅበሩ ውል ጠንካራ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ይህ ሁሉ በተዘጋ በር ይካሄዳል። ነጥቡን ሊጉና ዳኛው ብቻ ያውቁታል። ተመልካቹ የሚያየው ጭንብሉን ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። ደግሞ ልብ ይበሉ፣ በሩ መዘጋቱ የሚጎዳው ተመልካቹን ብቻ አይደለም፤ ዳኛውንም ይጎዳል።

አንኸል ኸርናንዴዝን ይውሰዱት። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የዳኘ ሰው ነው። በኦክቶበር 2018 በያንኪስና በሬድ ሶክስ የፕሌይኦፍ ጨዋታ ፈርስት ቤዝ ላይ ቆሞ የወሰናቸው ሦስት ውሳኔዎች በአንድ ምሽት በሪፕሌይ (በቪዲዮ ክለሳ) ተገለበጡ። ሰው ሁሉ ስሙን ያውቅ ነበር፣ ለዳኛ ደግሞ ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም። እሱ በበኩሉ በ2017 ሊጉን ከሰሰ። ከ2005 ወዲህ ዎርልድ ሲሪስ ያልተመደብኩት፣ የቡድን አለቃም ያልሆንኩት በዘር መድልዎ ነው አለ። ፍርድ ቤቱ በ2021 ክሱን ውድቅ አደረገበት፣ ይግባኙም በ2023 አልቆመለትም። በ2024 ሜይ ላይ ጡረታ ወጣ። ሊጉ ስለ ዳኞቹ በግምገማ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ሕዝቡ ትንሽ ያየው በዚያ ክርክር ነው። ለዚያ እንኳ ክስ አስፈለገ!

መድልዎ አልነበረም ብዬ እኔ አልምልም፣ ነበር ብዬም አልምልም። ግን አንድ እውነት አለ። በታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ የቡድን አለቃ ከርዊን ዳንሊ የተሾመው በ2020 ነው። ነጥቡ በይፋ ቢታይ ኖሮ ኸርናንዴዝም "በድላችሁኛል" ሲል የሚቆጠር ነገር ይኖረው ነበር፤ ሊጉም "አልበደልንም" ሲል የሚያሳየው ይኖረው ነበር። አሁን ሁለቱም ያጡት እሱን ነው።

ስለ ሥራ ማጣት ጠይቀዋል። ፓት ሆበርግ የሚባል ዳኛ ነበር። በ2022 ዎርልድ ሲሪስ ሁለተኛ ጨዋታ፣ ሂውስተን ላይ፣ መቺው ሳይመታቸው ያለፉትን 129 ኳሶች ዳኘ። የዳኞችን ነጥብ ከኦፊሴላዊው ውጭ በነጻ የሚያሰሉ ሰዎች አሉ፤ በነሱ ስሌት 129ኙንም አገኘ። አንድ አልሳተም። በፌብሩዋሪ 2025 ተባረረ። ምክንያቱ የስፖርት ውርርድ ሂሳቡን ቤዝቦል ላይ ከሚወራረድ ጓደኛው ጋር መጋራቱ ነው። ሊጉ ግን ሆበርግ ራሱ ቤዝቦል ላይ ተወራርዷል ወይም ጨዋታ አዛብቷል የሚል ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። መባረሩን አልቃወምም። ዳኛና ውርርድ አይገናኙም፣ መስመሩ ወፍራም መሆን አለበት። ወንድሜ ብሬቭስ ከነገረን ከግሬግ ታሪክ ጋር ግን አብራችሁ እዩት። አንዱ በማኅበር ስልት፣ አንዱ በውርርድ ሥራውን አጣ። ስትራይክ ዞን በሁለቱም የለበትም።

አሁን ደግሞ ተጠያቂነት ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ አይተናል፣ እሱን ልንገርዎ።

ጁን 2፣ 2010፣ ዲትሮይት። አርማንዶ ጋላራጋ የሚባል የታይገርስ ፒቸር ክሊቭላንድን ይገጥማል። 26 መቺ መጣ፣ 26ቱም ወጡ። አንድ ሰው ቤዝ አልረገጠም። አንድ አውት ቢጨምር ፐርፌክት ጌም ነው። በሊጉ ረጅም ታሪክ እስከ ዛሬ የተመዘገቡት 24 ብቻ ናቸው። 27ኛው መቺ ጄሰን ዶናልድ መሬት ለመሬት መታ። ሚጌል ካብሬራ ኳሷን አነሳ፣ ፈርስት ቤዝ ለመሸፈን ለሮጠው ለጋላራጋ ወረወረ። ጋላራጋ ያዘ፣ ቤዙን ረገጠ። ሯጩ ገና አልደረሰም። ዳኛው ጂም ጆይስ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሴፍ (ሯጩ ቀድሞ ደርሷል) አለ።

ጋላራጋ ምን አደረገ? ፈገግ አለ። ተመልሶ ሄደና ቀጣዩን መቺ አስወጣ። 3 ለ 0።

በዚያ ቦታ የዳኛ ሥራ እግሩን በዓይን ማየት፣ ኳሷን በጆሮ መስማት ነው። ዓይንዎ ቤዙ ላይ ነው፤ ኳሷ ጓንት ስትገባ የምታሰማውን ድምፅ ይጠብቃሉ። ድምፁ ቀደመ ወይስ እግሩ? ሕዝቡ ሲጮህ ያ ድምፅ ይጠፋል። ቆሜበት ስለማውቅ ስህተቱ እንዴት እንደሚመጣ ይገባኛል።

ጆይስ ከጨዋታው በኋላ ቪዲዮውን አየ። አልተደበቀም። ጋዜጠኞች ፊት ወጥቶ ያንን ልጅ ፐርፌክት ጌሙን አሳጣሁት አለ። ጋላራጋን አግኝቶ እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀው። ጋላራጋም ፍጹም ሰው የለም ብሎ አለፈው። በማግስቱ ጆይስ ተራው ሆም ፕሌት ነበር። ቀርተህ እረፍ ቢባልም እሠራለሁ አለ። የታይገርስን የተጫዋቾች ዝርዝር ይዞ የወጣው ጋላራጋ ራሱ ነው። ጆይስ ዓይኑን እየጠረገ ተቀበለው።

ኮሚሽነሩ በድ ሲሊግ ውሳኔውን አልቀየሩም። መዝገቡ ላይ ዛሬም አንድ ሂት (የተሳካ ምት) ተጽፎበታል። በእኔ እምነት ሊሻር ይገባ ነበር፤ ቀጣዩ መቺ ወጥቷል፣ ውጤቱን የሚያናጋ ምንም ነገር አልነበረም። ግን የዲትሮይት ሕዝብ ያንን ዳኛ በማግስቱ ያጨበጨበለት ስላልተሳሳተ አይደለም። ወጥቶ ስለተናገረ ነው።

የካቸሯ አባት

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። የጋላራጋን ታሪክ ለልጄ አነበብኩላት፣ ከዚያ ቪዲዮውን ፈልገን አየነው። እሷ ደጋግማ ያየችው የዳኛውን እጅ ሳይሆን የፒቸሩን ፊት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጆይስ ወጥቶ የተናገረው በራሱ ፈቃድ ነው። ባይናገርስ? ማንም አያስገድደውም ነበር ማለት ነው? አንድ ሰው ጨዋ ስለሆነ ብቻ የሚገኝ ተጠያቂነት አይበቃኝም።

ደግሞ ተጫዋቾች የዳኛው ስትራይክና ቦል በካሜራ እንዲጣራ የሚጠይቁበት አዲሱ የቻሌንጅ ሥርዓት ምን ይለውጣል? ልጄ በጉጉት ነው የምትከታተለው።

የካርዲናልስ ልጅ

እኔ ሴንት ሉዊስ ነው የምኖረው። ስለ ዳኛ የተጎዳ ከተማ ካለ የኛ ነው። ስለዚህ ላንተ፣ ወንድሜ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ትንሽ ልቃወምህ።

1985፣ ዎርልድ ሲሪስ፣ ስድስተኛው ጨዋታ፣ ካንሳስ ሲቲ ላይ። በተከታታዩ ጨዋታዎች 3 ለ 2 እየመራን ነው። በጨዋታውም 1 ለ 0 እየመራን ዘጠነኛው ኢኒንግ ገባ። ሦስት አውት ብቻ ቀርቶናል። የካንሳስ ሲቲ ሮያልስ የመጀመሪያ መቺ ሆርሄ ኦርታ ወደ ፈርስት ቤዝ በኩል መታ። ጃክ ክላርክ ለፒቸሩ ለቶድ ዎሬል አቀበለ። በግልጽ አውት ነበር። ዳኛው ዶን ደንኪንገር ሴፍ አለ። ከዚያ ሁሉ ነገር ተበላሸ፣ 2 ለ 1 ተሸነፍን። በማግስቱ በሰባተኛው ጨዋታ 11 ለ 0።

እዚህ ከተማ ያደገ ሰው ስለ ደንኪንገር ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። ነገር ግን ሙሉውን ታሪክ እንናገር። ከዚያ ውሳኔ በኋላ ክላርክ በቀላሉ የሚያዝ ኳስ አልያዘም። ካቸራችን ኳስ አሳለፈ። በሰባተኛው ጨዋታ ደግሞ እኛው ነን የፈረስነው፤ አሰልጣኛችንም ፒቸራችን ዋኪን አንዱሃርም ሆም ፕሌት ላይ ከቆመው ከደንኪንገር ጋር ተጣልተው ተባረሩ። አንድ ሰው ስለተሳሳተ ሁሉን በእሱ ላይ መጫን ቀለለን።

ደንኪንገር የስድብ ደብዳቤ ይደርሰው ነበር። የግድያ ዛቻ ደርሶታል። ያኔ ኢንተርኔት አልነበረም! አሁን የያንዳንዱ ዳኛ የስህተት ነጥብ በይፋ ይለጠፍ ብትሉ ማን እንደሚያነበው አስቡ። ሰው ስልኩ ላይ በእያንዳንዷ ኳስ ገንዘብ የሚያስይዝበት ዘመን ነው። ገንዘቡን የበላበትን ዳኛ ስም፣ ቁጥር ተደርጎለት፣ በእጁ ታስገቡለታላችሁ። ያ ዳኛ ቤተሰብ አለው።

መጠየቅ አለባቸው፣ እስማማለሁ። ለአሠሪያቸው ይጠየቁ። ለሕዝቡ ደግሞ ማብራሪያ ይበቃል።

ሰማያዊ ሸሚዝ

እህቴ፣ ስለ ዛቻው ልክ ነሽ። ቀላል ነገር አይደለም። እኔ በልጆች ጨዋታ እንኳ መኪና ማቆሚያ ድረስ የተከተለኝ አባት አጋጥሞኛል። ስለዚህ ያንን በንቀት አላልፈውም።

ግን አንድ ነገር እናስተውል። ነጥቡ ዛሬም ይለጠፋል። ሊጉ ስላልለጠፈው ሌሎች እየለጠፉት ነው፤ በየማለዳው ስልክ ላይ ታገኚዋለሽ። የማይገኘው የሊጉ ቃል ነው። ስሙም ቁጥሩም ወጥቷል፣ ማብራሪያው ብቻ ነው የጎደለው። ለዳኛው ከዚህ የከፋ ሁኔታ የለም።

የቅርጫት ኳሱን ኤንቢኤ እዩ። ከ2015 ጀምሮ በተቀራረቡ ጨዋታዎች የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ላይ የተወሰኑ ውሳኔዎችን በማግስቱ በጽሑፍ ያወጣል። ይህ ልክ ነበር፣ ይህ ስህተት ነበር ይላል። የሚናገረው መሥሪያ ቤቱ ነው። ጋሼ የጠየቁት ይኸው ይመስለኛል፤ በአንድ ሰው ጨዋነት ላይ ያልተንጠለጠለ መልስ። በቤዝቦል ያለው ከጋዜጠኞች የተወከለ አንድ ሰው ዳኞቹ ክፍል ሄዶ ጥያቄ እንዲያቀርብ የሚደረግበት አሠራር ነው። አንዳንዴ ደህና መልስ ይገኛል። አንዳንዴ ይባስ ያናድዳል። በኤፕሪል 2024 የያንኪሱ አሰልጣኝ አሮን ቡን ጨዋታው ገና ከመጀመሩ ተባረረ። የጮኸው ከጀርባው የተቀመጠ ተመልካች ነበር፣ ቪዲዮው በግልጽ ያሳያል። ቡን እኔ አልተናገርኩም ሲል ዳኛው ማንም ይናገረው ግድ የለኝም፣ ውጣ አለው። ከጨዋታው በኋላም አልተጸጸተም። እንዲህ ዓይነቱ ላይ መሥሪያ ቤቱ በማግስቱ ሁለት መስመር ቢጽፍ ምን ይጎድልበታል?

ስለ ቻሌንጁ፣ ጋሼ። ከ2026 ሲዝን ጀምሮ እንዲሠራ የተወሰነው በሴፕቴምበር 2025 ነው። ስትራይክና ቦል የሚለው ያው ዳኛው ነው። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ቻሌንጅ ይዞ ይጀምራል። ትክክል ከሆነ አይቀነስበትም፣ ከተሳሳተ አንዱን ያጣል። መጠየቅ የሚችሉት መቺው፣ ፒቸሩና ካቸሩ ብቻ ናቸው። ወዲያውኑ፣ ከዳግአውት (ከቡድኑ መቀመጫ) ምልክት ሳይጠብቁ፣ ኮፍያቸውን ወይም ሄልሜታቸውን መታ ያደርጋሉ። የኳሷ መንገድ በትልቁ ስክሪን ላይ ይታያል፣ ስታዲየሙ ሁሉ አብሮ ያያል።

ዞኑ በቁመት ይሰላል። የላይኛው ጫፍ የመቺው ቁመት 53.5 በመቶ ነው፣ የታችኛው 27 በመቶ። ቁመቱ 183 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ከ49 እስከ 98 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። 2 ሜትር ለሚሆነው ለአሮን ጀጅ የታችኛው ጫፍ 54 ላይ ይጀምራል። ጀጅ ከጉልበቱ በታች ባለፈ ኳስ ስንት ጊዜ በስትራይክ እንደወጣ ያየ ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ልጅዎን ደስ የሚያሰኛት ይህ ነው። በ2025 የልምምድ ጨዋታዎች ላይ ሲሞከር ከቻሌንጆቹ 52 በመቶ ያህሉ ተሳክተዋል። ካቸሮች 56 በመቶ አገኙ፣ መቺዎች 50፣ ፒቸሮች 41። ዞኑን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ካቸሩ ነው። ፒቸሩ የወረወራት ሁሉ ስትራይክ ትመስለዋለች።

ብሬቭስ ነኝ

ሁላችሁም ጥሩ አስረዳችሁ፣ አመሰግናለሁ። አቋሜን ግን አልቀየርኩም።

ለምን ሁለት ብቻ? ቡድኔ በሦስተኛውና በአምስተኛው ኢኒንግ ላይ ሁለቱን ቢያጣ፣ በዘጠነኛው ጋሼ የነገሩን ዓይነት ኳስ ብትመጣ መቺው ኮፍያውን ቢመታም የሚሰማው የለም። ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ኢኒንግ ከሄደ ብቻ አንድ ይሰጠዋል። ካሜራው ግን ኳሷን አይቷል። ኮምፒውተሩ መልሱን ያውቃል። ቴሌቪዥን የሚያይ ሕዝብ ሁሉ ያውቃል። ሜዳው ላይ ያሉት ብቻ እንዳላወቁ ይሆናሉ።

ይህን ሥርዓት ያጸደቀውን ኮሚቴ ድምፅ ቁጠሩ። 11 አባላት አሉት። 6ቱ የክለብ ባለቤቶች፣ 4ቱ ተጫዋቾች፣ 1 ዳኛ። ብዙ ተጫዋቾች ሙሉ ማሽን አንፈልግም፣ ካቸር ኳስ የመሳብ ጥበቡ እንዲቀር አንፈልግም ይላሉ። አከብራለሁ። ግን ካቸሩ በጓንቱ ዳኛውን አሳምኖ ያልነበረ ስትራይክ ሲያገኝ እኛ በቡድናችን ላይ ሲሆን ዘረፋ እንለዋለን፣ ለቡድናችን ሲሆን ጥበብ እንለዋለን። ይህን እህታችን የካርዲናልስ ልጅ ብትመልስልኝ ደስ ይለኛል። የናንተው ያዲየር ሞሊና በዚያ ሥራ የታወቀ ካቸር አልነበረም እንዴ?

የካርዲናልስ ልጅ

ነበር። ስንት ስትራይክ እንደሰረቀልን አልቆጥርልህም። ሌሎች ከተሞች ስለ እሱ ምን ይሉ እንደነበር አውቃለሁ፣ እኔ ግን እያጨበጨብኩ ነው ያየሁት። ሙሉ ማሽን ከመጣ ያ ሥራ እንደሚጠፋ ገብቶኛል፣ ለዚህም ነው ሁለት ቻሌንጅ የሚስማማኝ። መልሴ ላንተ አያረካህም፣ አውቃለሁ።